በረንዳ ይሻላል ወይስ መስኮት? የሽርሽር መርከብ ክፍል ጥያቄዎቻችሁ

ሰሞኑን ከወሎ የሚመጡት ጥያቄዎች ሁሉ ስለ መርከብ ሆነዋል። አያስገርምም። ልጆቹ ውጭ ናቸው፣ ወላጅና ወንድም እህት ይጋብዛሉ፣ ከዚያ በቴሌግራም የክፍል ዓይነት ይልኩና "የቱን ልያዝላችሁ?" ይላሉ። ፎቶው ሁሉ ያምራል። ዋጋው ግን አንዱ የሌላውን እጥፍ ሊሆን ይችላል። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው። ዓመተ ምሕረቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።

ጥያቄ፣ ከደሴ፦ ልጄ የምትኖረው ጣልያን ነው። ዘንድሮ እኔንና አባቷን ለ7 ሌሊት በመርከብ ላንሸራሽራችሁ ብላ ተነስታለች። የውስጥ፣ ባለ መስኮት፣ ባለ በረንዳ፣ ስዊት የሚል ዝርዝር ላከችልኝ። እኔ የሐረጎን ቁልቁለት መንገድ ስወርድ እንኳ የሚያጥወለውለኝ ሰው ነኝ። አባቷ ደግሞ ጉልበቱን ያመዋል። ብዙ እንዳላስወጣት ርካሹን ልበላት? ደግሞስ በረንዳ ካለው ቡና ማፍላት ይቻላል?

መልስ፦ እናታችን፣ አብሽሩ። መጀመሪያ ስሞቹን እናጥራ። "የውስጥ" የሚባለው መስኮት የሌለው ክፍል ነው፤ መብራቱን ሲያጠፉት ቀንም ይሁን ሌሊት ድቅድቅ ጨለማ ነው። ባለ መስኮቱ ባሕሩን የሚያሳይ፣ ግን የማይከፈት መስታወት አለው። ባለ በረንዳው በር ከፍተው የሚወጡበት፣ ሁለት ወንበርና አንድ ትንሽ ጠረጴዛ የሚይዝ የራሱ በረንዳ አለው። ስዊቱ ሰፊው ነው፤ ከክፍሉ ጋር ልዩ መስተንግዶም ይመጣል። ስለ እሱ ከታች የኮምቦልቻ ሙሽሮች ጠይቀዋል፣ እዚያ ላይ በሰፊው እመለስበታለሁ።

ርካሹን ክፍል የያዘ ሰው ርካሽ ምግብ ይበላል ብለው እንዳይሰጉ። ያ የታይታኒክ ዘመን ነገር ነው። 1912 ላይ የሦስተኛ ማዕረግ መንገደኛ የመጀመሪያው ማዕረግ ወዳለበት ዝር አይልም ነበር። ዛሬ በአብዛኞቹ ትልልቅ መርከቦች ላይ የውስጥ ክፍል የያዘውም በረንዳ የያዘውም እዚያው ዋናው ምግብ ቤት ይበላል፣ ያው ቡፌ ላይ ይሰለፋል፣ ያንኑ ትርኢት ያያል፣ ወደብ ሲደረስም ያው ከተማ ላይ ይወርዳል። የጾም ቀን ካለብዎ ልጅዎ ቀድማ ታሳውቅልዎ፤ ከሥጋና ከወተት ነጻ የሆነ ምግብ ያዘጋጃሉ።

እርስዎን የሚመለከተው ዋናው ነገር ግን ክፍሉ የሚገኝበት ቦታ ነው። አውቶቡስ ውስጥ የኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው እንዴት እንደሚነጥር ያውቁታል፤ መሀል ላይ ያለው ያን ያህል አይሰማውም። መርከብም እንደዚያው ነው። አፍንጫውና ጭራው ከፍ ዝቅ ይላሉ፣ ላይኛው ፎቅ ወዲያ ወዲህ ይወዛወዛል፣ መሀሉና ታችኛው ፎቅ ረጋ ይላል። የሚገርመው ውድ የሚባሉት ክፍሎች ብዙዎቹ ላይኛው ፎቅ ላይ ናቸው፤ ስለዚህ ብዙ ከፍሎ ብዙ መወዛወዝም አለ። የአሁኖቹ መርከቦች ከጎናቸው ወደ ውኃው የሚዘረጋ ማረጋጊያ ክንፍ አላቸው፣ ሜዲትራኒያንም በበጋቸው አብዛኛውን ጊዜ የተረጋጋ ነው፣ ስለዚህ ከሐረጎ የባሰ ነገር ይገጥመኛል ብለው ከወዲሁ እንዳይጨነቁ። ሆድ ሲገለባበጥ ደግሞ ዓይን ሩቅ አድማስ ማየቱ ይረዳል። የውስጥ ክፍል ውስጥ አድማስ የለም። ለዚህ ነው ለእርስዎ ርካሹን የማልመክረው።

የባለቤትዎ ጉልበት ሌላው ጉዳይ ነው። ትልልቆቹ መርከቦች ከ300 ሜትር በላይ ይረዝማሉ፤ "አይከን ኦፍ ዘ ሲስ" የሚባለው 365 ሜትር ገደማ ነው። ክፍላችሁ ጫፍ ላይ ከሆነ ቁርስ ለመብላት ብቻ ረጅም ኮሪደር ትሄዳላችሁ። የመታጠቢያ ቤቱ መግቢያም ብዙ ጊዜ ከፍ ያለ ደፍ አለው፣ ሌሊት ያደናቅፋል። መታጠቢያው ራሱ ጠባብ ነው፤ ወፈር ያለ ሰው ሳሙና ወድቆበት ካጎነበሰ መጋረጃው ይጠመጠምበታል።

እንግዲህ ለልጅዎ እንዲህ ይበሏት፦ ባለ መስኮት፣ መርከቡ መሀል ላይ፣ ዝቅ ያለ ፎቅ፣ ለሊፍት ቀረብ ያለ ግን ፊት ለፊቱ ያልሆነ። ፊት ለፊቱ ከሆነ የሰው ጫጫታ አያስተኛም። ዋጋው ከበረንዳው ይቀንሳል፣ ልጅዎም ብዙ አታወጣም።

የቡናውን ነገር በተመለከተ፣ በጭራሽ አይቻልም። ከሰል አይገባም፣ ዕጣን አይጨስም፣ ሻማ አይበራም፣ ምድጃና ካውያም ክልክል ነው፤ ሻንጣ ሲፈተሽ ያስቀሩታል። መርከብ ላይ እሳት ቀልድ አይደለም። 2006 ላይ "ስታር ፕሪንሰስ" የሚባለው መርከብ ጃማይካ አካባቢ ሲጓዝ ከአንድ በረንዳ ተነሳ የተባለ እሳት ብዙ ክፍሎች አቃጥሏል፣ ሰውም ሞቶበታል፤ ምናልባት ሳይጠፋ የተጣለ ሲጋራ ነው ተብሏል። ከዚያ ወዲህ በረንዳ ላይ ማጨስ እንኳ በአብዛኞቹ መርከቦች ተከልክሏል። የቡፌው ቡና በነጻ ነው፣ ግን ቡና ነው ለማለት ይከብዳል። ጀበናዎን ልጅዎ ቤት ያስቀምጡት፤ ከመርከቡ ሲወርዱ ከአቦል እስከ በረካ እዚያው ይደርሳል።

ጥያቄ፣ ከኮምቦልቻ፦ ጥር ላይ ነው የተጋባነው። የባለቤቴ ወንድም የጫጉላ ሽርሽር በመርከብ ሊያስደርገን ነው፣ ከባርሴሎና የሚነሳ። ባለቤቴ "ስዊት ካልሆነ ምኑን ሄድነው፣ በትለር፣ የግል አስተናጋጅ ማለት ነው፣ አለው እኮ" ይላል። እኔን ገንዘቡ ያሳዝነኛል፣ የሰው ገንዘብ ቢሆንም። በእርግጥ ስዊት ላይ የሚጨመረው ምንድን ነው?

መልስ፦ እንኳን ደስ አላችሁ። ፍርዱን ላስቀድም፦ አንቺ ትክክል ነሽ። ባልሽም ግን ከመሬት ተነስቶ አላወራም፣ ስለዚህ የሱንም ወገን ልናገር።

"ስዊት" የሚለው ቃል ሁለት በጣም የተለያዩ ነገሮችን ይሸፍናል። አንደኛው ሰፋ ያለ ክፍል ብቻ ነው። "ጁኒየር ስዊት" የሚባሉት ብዙዎቹ እንደዚያ ናቸው፤ ትልቅ ባለ በረንዳ ክፍል፣ አንድ ሶፋ፣ ምናልባት ገንዳ ያለው መታጠቢያ፣ ሲሳፈሩ ሰልፍ ማለፍ፣ በቃ። በትለር የለም። ሁለተኛው መርከብ ውስጥ ያለ ሌላ መርከብ ነው። ኤምኤስሲ የተባለው የመርከብ ኩባንያ "ያት ክለብ" ይለዋል፤ የጀመረው 2008 ላይ "ኤምኤስሲ ፋንታዚያ" በምትባለው መርከብ ነው። ከሌሎቹ ኩባንያዎች ኖርዌጂያን "ዘ ሄቨን"፣ ሴሌብሪቲ ደግሞ "ዘ ሪትሪት" ይሉታል። እዚያ የምትገቢበት በር በካርድ ብቻ ነው የሚከፈተው። ከውስጥ የራሱ ምግብ ቤት፣ የራሱ ሳሎን፣ የራሱ ፀሐይ መሞቂያ አለ። በትለሩ ሻንጣ ይፈታል፣ ቁርስ ክፍል ድረስ ያመጣል፣ ምግብ ቤት ቦታ ይይዛል፣ ወደብ ላይ ስትወርዱ በአቋራጭ ያሳልፋችኋል። ሮያል ካሪቢያን ከስዊቶቹ ሁሉ ላይኛው ደረጃ ላይ "ጂኒ" የሚባል ሰው ይመድባል፤ ያሰባችሁትን ሁሉ ለማሟላት የተቀጠረ ሰው ነው። ኩናርድ ደግሞ የድሮውን ወግ እስከ ዛሬ ይዞ አለ፤ "ክዊን ሜሪ 2" ላይ የምትበዪበት ምግብ ቤት የሚወሰነው በያዝሽው ክፍል ነው፣ ግሪል የሚባለውን ስዊት ካልያዝሽ ግሪል ምግብ ቤት አትገቢም።

ይሄ ሁሉ የሚጠቅመው መቼ ነው? መርከቡ በሰው ሲጨናነቅና ብዙ ቀን ባሕር ላይ ሲዋል። አምስት ሺህ ሰው አንድ ገንዳ ዙሪያ ወንበር ሲሻማ የራስ ገንዳ ያለው ሰው ንጉሥ ነው። የእናንተ ጉዞ ግን ከባርሴሎና ተነስቶ በየቀኑ ማለት ይቻላል አንድ ከተማ የሚረግጥ ነው። ጠዋት ትወጣላችሁ፣ ማታ ደክሟችሁ ትመለሳላችሁ። በትለሩ ማንን ያስተናግድ? ሳሎኑ ውስጥ ማን ይቀመጥ? ደግሞ ሰው ልብ የማይለው ነገር አለ፣ በብዙ ኩባንያዎች የዕለቱ የአገልግሎት ክፍያ፣ ማለትም ጉርሻው፣ ለስዊት ከፍ ይላል። ለተራው ክፍል በትልልቆቹ የአሜሪካ ኩባንያዎች ለአንድ ሰው በቀን ከ16 እስከ 20 ዶላር አካባቢ ነው። መጠጥና ኢንተርኔትም አንዳንዱ ስዊት ላይ ይካተታል፣ አንዳንዱ ላይ አይካተትም፤ "ስዊት ስለሆነ ሁሉ ነገር ያለበት ነው" ብላችሁ ከተሳፈራችሁ መጨረሻ ላይ የሚመጣው ሒሳብ ጫጉላውን ያበላሸዋል።

ለሙሽራ እኔ የምለው ባለ በረንዳ ነው። ጠዋት መርከቡ ወደብ ሲገባ ማንም ሳያያችሁ በጋቢ ተጠቅልሎ ማየት አንድ ነገር ነው። ግን "በረንዳ" ሲባል ዝም ብሎ አይታመንም። ሴሌብሪቲ ከ2018 ጀምሮ "ኤጅ" በሚባለው መርከብ ላይ ያመጣው በረንዳ ቁልፍ ስትጫኚ የላይኛው መስታወት ወደ ታች የሚወርድበት እንጂ ወጥተሽ የምትቆሚበት አይደለም። የሮያል ካሪቢያን "ኦኤሲስ ኦፍ ዘ ሲስ" ደግሞ፣ 2009 ላይ የወጣው፣ ባሕሩን ትቶ መሀሉ ላይ ያለውን መናፈሻ የሚያሳይ በረንዳ አለው። ዛፍ አለ፣ ወንበር አለ፣ ፊት ለፊትም የሌላ ሰው በረንዳ አለ። ሙሽሮች መጋረጃ ዝጉ።

"እይታው የተከለለ" የሚል ጽሑፍ ካለ ደግሞ ብዙ ጊዜ ብርቱካንማ የሕይወት አድን ጀልባ መስኮታችሁ ላይ ተሰቅሏል ማለት ነው። ዋጋው ይቀንሳል፣ ሙሽሮች ግን ጀልባ ለማየት አይሄዱም። "ጋራንቲ" የሚል ካለ ዓይነቱን ትመርጣላችሁ፣ የክፍሉን ቁጥር ኩባንያው ይመርጥላችኋል፤ የት እንደሚጥላችሁ አታውቁም። ከመክፈላችሁ በፊት የመርከቡን የወለል ካርታ አውጡና ከክፍሉ በላይና በታች ያለውን ተመልከቱ። ከላይ የዋና ገንዳው ካለ ገና ጎሕ ሲቀድ የወንበር መጎተት ይሰማል። ከታች ጭፈራ ቤት ካለ እስከ ሌሊት ዱም ዱም ነው። ከላይም ከታችም መኝታ ክፍል የሆነው ነው ጥሩው።

በረንዳውን ያዙና የተረፈውን አንድ ማታ ተጨማሪ የሚከፈልበት ምግብ ቤት ራት ብሉበት፣ አንድ ቀን ደግሞ ማርሴይ ይሁን ጄኖቫ የደረሳችሁበት ከተማ ላይ እንደልባችሁ አውጡት። ከሁሉም በፊት ግን ቪዛ። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሸንገን ቪዛ፣ ማለትም ለብዙ የአውሮፓ አገሮች በአንድነት የሚያገለግለው፣ ያስፈልጋችኋል፤ መርከቡ በመሀል ከሸንገን አገሮች ወጥቶ ወደ ሌላ አገር ወደብ ከገባ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያስገባው ዓይነት መሆን አለበት። ቪዛው ፓስፖርቱ ላይ ሳይመታ የማይመለስ ክፍያ እንዳትከፍሉ፣ እናንተም ወንድምየውም።

ጥያቄ፣ ከወልዲያ፦ የአሰብ መስመር ሾፌር ነበርኩ። መርከብ ከወደብ ቆሜ ብዙ አይቻለሁ፣ ገብቼ ግን አላውቅም። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ብቻዬን ነኝ። ልጆቼ እንላክህ አሉ፣ ግን ለአንድ ሰው የሁለት ሰው ዋጋ ተጠየቁ። ሌብነት ነው?

መልስ፦ ጋሼ፣ ነፍስ ይማር። ሌብነት አይደለም፣ ግን ያናድዳል። የመርከብ ዋጋ የሚወጣው አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ሰው ይተኛል በሚል ነው። አንድ ሰው ሲይዘው የጎደለውን ሰው ሒሳብ ይጨምሩበታል፣ አንዳንዴ ሙሉውን። ኖርዌጂያን 2010 ላይ "ኤፒክ" በሚባለው መርከብ "ስቱዲዮ" የሚባሉ የአንድ ሰው ክፍሎች አወጣ፤ ትንንሽ ናቸው፣ ብቸኛ ተጓዦች የሚገናኙበት የጋራ ሳሎን አላቸው። ወግ ለሚወድ ሰው ሳሎኑ ከክፍሉ ይበልጣል። ሌሎችም ተከትለዋል፣ ግን ቁጥራቸው ጥቂት ስለሆነ ቶሎ ያልቃሉ፤ ልጆችዎ ከብዙ ወራት በፊት ይያዙት። ሁልጊዜ ርካሽ ነው ብለውም እንዳያስቡ፤ አንዳንዴ ተራ የውስጥ ክፍል ከነጭማሪው ከስቱዲዮው ይረክሳል፣ ሁለቱንም ያወዳድሩ።

የውስጥ ክፍል ከደረሰዎ አይከፉ። ሮያል ካሪቢያን አንዳንዶቹ መርከቦች ላይ በግድግዳው ሙሉ ስክሪን ሰቅሎ የውጭውን ባሕር በቀጥታ ያሳያል። ያ ባይኖር እንኳ ብዙ መርከቦች ላይ ቴሌቪዥኑ ከአፍንጫው በኩል ያለውን ካሜራ የሚያሳይ ቻናል አለው። ድምፁን አጥፍተው ሌሊቱን ክፍት ይተዉት፤ ሲነጋ ክፍሉ ራሱ ይነጋል። ለሾፌር ደግሞ ከፊት መስታወት ማየት አይሻልም?

ጥያቄ፣ ከባቲ፦ እህቴ ጅዳ ናት። እኔን፣ ባለቤቴንና ሦስት ልጆቼን ከጅዳ በሚነሳ መርከብ ልትጋብዘን ነው። ለአምስት ሰው አንድ ስዊት ይሻላል ወይስ ሌላ ዘዴ አለ? መጠጥ የሚሸጥበት ቦታ ልጆቼን ይዤ መዋል አልፈልግም።

መልስ፦ ከመጠጡ ልጀምር፣ እሱ ቀላል ነው። ከጅዳ የሚነሳው "አሮያ" የሳዑዲ የመጀመሪያው የሽርሽር መርከብ ኩባንያ ነው፤ ሥራ የጀመረው በዲሴምበር 2024 ነው። አልኮል የለበትም፣ ምግቡ ሃላል ነው፣ ለሴቶች ብቻ የተለየ ቦታም አለው። መርከቡ ራሱ አዲስ አይደለም፤ 2017 ላይ ለእስያ ገበያ "ወርልድ ድሪም" ተብሎ የተሠራ ነው፣ ታድሶ ስሙ ተቀይሯል። የሳዑዲ ቪዛችሁን አስቀድማችሁ ጨርሱ።

ክፍሉን በተመለከተ፣ የትኛውም መርከብ ላይ ቢሆን፣ ስዊቱን ተዪውና ሁለት ክፍል ጠይቂ። አብዛኛው ክፍል የሚይዘው እስከ አራት ሰው ነው፣ ሦስተኛውና አራተኛው የሚተኙት ከጣሪያ ወይም ከግድግዳ በሚወርድ አልጋ ወይም በሚዘረጋ ሶፋ ላይ ነው። ለአምስት ሰው የሚሆን ክፍል ቁጥሩ ጥቂት ነው፣ ዋጋውም የማይቀመስ ነው። በመሀል በር የሚገናኙ ሁለት ክፍሎች ብዙ ጊዜ ከአንድ ስዊት ይረክሳሉ፣ ደግሞ ሁለት መታጠቢያ ቤት አላቸው። ሦስት ልጅ ያላት እናት ሁለተኛው መታጠቢያ ቤት ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ አትማርም። በር የሚያገናኘው ካልተገኘ አንቺና ትንንሾቹ በረንዳ ያለውን፣ ባልሽና ትልቁ ልጅ ከኮሪደሩ ማዶ ያለውን የውስጥ ክፍል ያዙ። ልጆች ጨለማ ክፍል ውስጥ እንዴት እንደሚተኙ ታያለሽ።

ሁለት ትንንሽ ነገሮች። የክፍሉ ግድግዳ ብዙውን ጊዜ ብረት ነው፤ ማግኔት ያለው ማንጠልጠያ ብትይዢ የአምስት ሰው ልብስና ፎጣ ግድግዳው ላይ ይሰቀላል። የኤሌክትሪክ ሶኬት ጥቂት ነው፣ ከቤት የምንወስደው ማከፋፈያ ደግሞ ብዙ ጊዜ ይወረሳል፤ የሚፈቀደው የቱ እንደሆነ እህትሽ ቀድማ ትጠይቅ።

ጥያቄ፣ ከሐይቅ፦ እኔ እንኳ ለሽርሽር አይደለም። አንድ ደላላ ክሩዝ መርከብ ላይ ክፍል አጽጂ አስቀጥርሃለሁ፣ "ባለ በረንዳ ክፍል ይሰጥሃል" አለኝ። ገንዘብ ቅድሚያ ክፈል ይለኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደላላው በረንዳው ላይ ነው የተያዘው። ክፍል የሚያጸዳ ሠራተኛ በረንዳ አይሰጠውም። ሠራተኛው የሚያድረው ከመንገደኞቹ በታች፣ ብዙ ጊዜ ከውኃው ልክ አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ባሉ ፎቆች ነው፤ አንድ ጠባብ ክፍል ለሁለት፣ አልጋው አንዱ ካንዱ በላይ። የብቻ ክፍል የሚያገኙት በአብዛኛው መኮንኖቹ ናቸው። ውሉ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 9 ወር ነው፣ የሳምንት ሙሉ ዕረፍት የሚባል ነገር የለም። ሥራው ራሱ እውነተኛ ሥራ ነው፣ ከላይ የጠቀስኳቸውን በረንዳዎች የሚያጥበው ያ ሰው ነው፤ ብዙ ሰው ቤተሰብ አስተዳድሮበታል።

ገንዘቡ ግን ሌላ ነው። 2006 ላይ ጸድቆ 2013 ላይ ሥራ ላይ የዋለው ዓለም አቀፍ የባሕር ሠራተኞች ስምምነት አስቀጣሪ ከሠራተኛው የቅጥር ክፍያ መቀበሉን ይከለክላል። አንተ የምትሸፍነው የፓስፖርትህን፣ የጤና ምርመራህንና የባሕረኛ ደብተርህን፣ የመርከብ ሠራተኛ መታወቂያ ማለት ነው፣ ወጪ ነው። ደላላውን የኩባንያውን ስም፣ የመርከቡን ስምና በስምህ የተጻፈውን ውል አሳየኝ በለው። ከዚያ በራስህ ስልክ ኩባንያው ራሱ የሥራ ማስታወቂያ የሚያወጣበት ገጽ ላይ ገብተህ እዚህ አገር ወኪሉ ማን እንደሆነ አረጋግጥ። መሬት እንዳትሸጥ፣ ከዘመድም እንዳትበደር። ውሉን አሳይቶህ ከሆነ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፣ አብረን እናነበዋለን።